ቬትናም ውስጥ ካፌ ገብቶ ለመሥራት፣ ቡና ለመጠጣትና ለመብላት፦ ከመግቢያው እስከ ሂሳቡ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2025 እ.ኤ.አ. ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ፣ ለሥራም ሆነ ለጉብኝት ወደ ቬትናም የሚሄዱ ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይልኩልኛል። «ኮምፒውተሬን ይዤ የምውልበት ካፌ እንዴት ልምረጥ? ምን ብዬ ልዘዝ? ጾም ከሆነስ ምን እበላለሁ?» መልሱ ረጅም ስለሆነ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። የጻፍኩት በሃኖይና በሆ ቺ ሚን ከተማ ላሉ ካፌዎች ነው። ሆ ቺ ሚን ከተማን የአገሬው ሰው አሁንም ሳይጎን ስለሚለው እኔም እንዲሁ እጠራዋለሁ። ሰዓቶቹ በሙሉ ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ዋጋዎቹ ግምታዊ ናቸው፤ 1 የአሜሪካ ዶላር ከ25 ሺህ ዶንግ በላይ እንደሚመነዘር እያሰባችሁ አንብቡ።

ይዛችሁ የምትወጡት

- ትንንሽ የዶንግ ኖቶች፦ ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ ያሉት። ሰፈር ውስጥ ባለ ትንሽ ካፌ ለ20 ሺህ ዶንግ ቡና የ500 ሺህ ኖት ከሰጣችሁ መልስ አይገኝም፤ ባለቤቷ ወደ ጎረቤት ሱቅ ለዝርዝር ትሄዳለች።
- ቻርጀር፦ ኤሌክትሪኩ እንደ ኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሁለት ቀጫጭን ክብ እግሮች ያሉት መሰኪያ በቀጥታ ይገባል፤ ሁለት ጠፍጣፋ እግሮች ያሉት የአሜሪካ መሰኪያም ይገባል። ወፍራም እግር ያለው ትልቁ ክብ መሰኪያ ግን ብዙ ጊዜ ስለማይገባ አዳፕተር ያዙ። ከአሜሪካ የምትመጡ፣ ቻርጀራችሁ ላይ «100-240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ከሌለ አትሰኩት፣ ይቃጠላል።
- ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ፦ አብዛኛው ካፌ ሙዚቃ ይከፍታል።
- ዳታ ያለው የአገር ውስጥ ሲም ካርድ፦ ቪየቴል፣ ቪናፎን ወይም ሞቢፎን። ለመግዛት ፓስፖርት ይጠየቃል። ዋይፋዩ ስብሰባ መሐል ቢቋረጥ መጠባበቂያችሁ ይህ ነው።
- ስስ ጃኬት፦ ሳይጎን ውስጥ ውጪው ቢያቃጥልም ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ከሁለት ሰዓት በኋላ ያንዘፈዝፋል። ሃኖይ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ትበርዳለች፤ ብዙ ካፌዎቿም ማሞቂያ የላቸውም።
- ኮምፒውተሩን የሚሸፍን ፕላስቲክ ከረጢት፦ የሳይጎን ዝናብ ወቅት ከግንቦት እስከ ኅዳር ነው። ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።
- የምታዝዟቸው ነገሮች ስም በቬትናምኛ ፊደል የተጻፈበት የስልክ ማስታወሻ፦ ቋንቋው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለውጥበት ስለሆነ፣ እኔ እዚህ በፊደላችን የጻፍኩትን ብታነቡ እንኳ ላይረዷችሁ ይችላሉ። ጽሑፉን ስታሳዩ ግን ወዲያው ይገባቸዋል።

1. መጀመሪያ የቀኑን ሰዓት ደልድሉ

ቬትናም ከኢትዮጵያ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። አዲስ አበባ ካለ ቢሮ ጋር የምትሠሩ ከሆነ፣ ቢሮው 8:30 ሲከፈት እናንተ ዘንድ 12:30 ይሆናል፤ እዚያ 17:30 ሲወጡ እናንተ ዘንድ 21:30 ነው። ስለዚህ ጠዋቱ የራሳችሁ ነው። ትኩረት የሚፈልገውን ሥራ ከ8:00 እስከ 11:00 ጨርሱ፤ ስብሰባዎችን ከሰዓት በኋላ አድርጉ።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው ካፌዎቹ የራሳቸው የግርግር ሰዓት ስላላቸው ነው። ከ11:30 እስከ 13:30 ባለው ጊዜ የቢሮ ሠራተኞች ምሳ በልተው ለቡና ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም ወንበር ላይ ሸለብ ያደርጋሉ። ማታ ከ19:00 በኋላና ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ወጣቱ ይሞላዋል። ጸጥታው ያለው በሥራ ቀናት ጠዋትና ከ14:00 እስከ 17:00 ነው። ብዙዎቹ ካፌዎች በ22:00 ወይም በ22:30 ይዘጋሉ። የመጨረሻ ስብሰባችሁ እስከ 21:30 የሚዘልቅ ከሆነ የመዝጊያውን ሰዓት ከወዲሁ ጠይቁ።

2. ለሥራችሁ የሚሆነውን የካፌ ዓይነት ምረጡ

እዚያ «ካፌ» የሚባለው ቢያንስ አራት ዓይነት ቦታ ነው። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እዚህ ነው።

የእግረኛ መንገድ ካፌ። ዝቅተኛ የፕላስቲክ በርጩማዎች፣ አጭር ጠረጴዛ፣ ሞተር ብስክሌቶች በጎናችሁ ያልፋሉ። ቡናው ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ዶንግ ነው፤ ብዙ ጊዜም ግሩም ነው። ለመጠጣትና የከተማውን ጠዋት ለማየት ሂዱ፤ ኮምፒውተር ግን አታውጡ። ሶኬት የለም፣ ጀርባ መደገፊያ የለም፣ ለነጣቂም ክፍት ነው።

የሰፈር ካፌ። ባለቤትዋ ራሷ የምትሠራበት፣ ደህና ወንበርና ማራገቢያ ያለው ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት የጽሑፍ ሥራ ይበቃል።

ሰንሰለት ካፌዎች። በአንድ ስም ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ናቸው፦ ሃይላንድስ፣ ፉክ ሎንግ፣ ዘ ኮፊ ሃውስ፣ ኮንግ ካፌ፣ ካቲናትና የመሳሰሉት። ማቀዝቀዣና መጸዳጃ አላቸው፤ ዋይፋይና ሶኬትም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ምናሌው ሥዕል ስላለው ማዘዝ ቀላል ነው። ዋጋው በአብዛኛው ከ35 ሺህ እስከ 65 ሺህ ዶንግ ነው። ለመጀመሪያ ቀናችሁ ከእነዚህ በአንዱ እንድትጀምሩ እመክራለሁ።

በአሮጌ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ካፌዎች። ከመንገድ አይታዩም፤ ደረጃ ወጥታችሁ ኮሪደር ታቋርጣላችሁ፣ ከዚያ ባለ በረንዳ ጸጥ ያለ ክፍል ታገኛላችሁ። በጣም የታወቀው ሳይጎን ውስጥ በንዊየን ሁዌ የእግረኛ ጎዳና ቁጥር 42 ያለው ሕንፃ ነው፤ ፎቅ በፎቅ ካፌ ነው። ለአሳንሰሩ ጥቂት ሺህ ዶንግ ይጠየቃል፣ በደረጃ መውጣት ግን ነጻ ነው። ረጅም ትኩረት ለሚፈልግ ሥራ ለእኔ ከሁሉም የሚመቹኝ እንደዚህ ዓይነቶቹ ናቸው፤ የሞተር ብስክሌቱ ጩኸት ከአራተኛ ፎቅ በላይ ይደክማል። አንዳንዶቹ መሬት ላይ በትራስ የሚያስቀምጡ ስለሆኑ ጫማ አውልቁ ይላሉ። በር ላይ የተደረደረ ጫማ ካያችሁ የእናንተንም አውልቁ።

በካርታ መተግበሪያ ላይ ስትፈልጉ የውስጡን ፎቶ ሳታዩ አትሂዱ። ፎቶው ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የጠረጴዛው ቁመት፣ የወንበሩ መደገፊያ፣ በፎቶው ውስጥ ኮምፒውተር የከፈተ ሰው መኖሩን። ያማረ ነገር ግን ጠረጴዛው ከጉልበት በታች የሆነ ካፌ ወገብ ይሰብራል።

3. አድራሻውን በትክክል አንብቡ

አድራሻው «212/15» የሚል ከሆነ በዋናው ጎዳና ላይ 212 ቁጥር ያለበት ቅያስ ውስጥ ግቡ ማለት ነው፤ ካፌው በዚያ ቅያስ ውስጥ 15 ቁጥር ቤት ነው። ከእዝባሩ በፊት ያለው ቁጥር የቅያሱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጎዳናው ላይ 212 ቁጥር ፊት ቆሞ ካፌው ተዘግቷል ብሎ ይመለሳል።

በሞተር ብስክሌት ከመጣችሁ ጥበቃው ተቀብሎ ያቆምላችኋል። ትንሽ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ አንዳንዱም ቁጥሩን በጠመኔ ኮርቻው ላይ ይጽፋል። ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ ዚፕ ባለው ኪስ አስቀምጡ። ሞተሩ የእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠው እሱ ብቻ ነው፤ ከጠፋ መታወቂያና የሞተሩን ሰነድ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

4. መቼ እንደምትከፍሉ ለዩ

ሰንሰለት ካፌ ውስጥ መጀመሪያ ሂሳብ መቀበያው ጋ ቆማችሁ ታዝዛላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ቁጥር ወይም የሚንቀጠቀጥ መጥሪያ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ትቀመጣላችሁ። የሰፈር ካፌ ውስጥ ግን ተቀመጡ፤ አስተናጋጅ ይመጣል፤ ሂሳቡ ስትወጡ ነው። ልዩነቱን ካላወቃችሁ በመጀመሪያው ዓይነት ቁጭ ብላችሁ የማይመጣ አስተናጋጅ ስትጠብቁ ትቆያላችሁ።

አስተናጋጅ ስትጠሩ ጣት አታጩሁ፣ አታፏጩም። ከእናንተ የሚያንሰውን «ኤም ኧይ»፣ ትንሽ የሚበልጣችሁን ወንድ «አን ኧይ»፣ ሴት ከሆነች «ቺ ኧይ»፣ በእናት ዕድሜ ያለችውን «ኮ ኧይ» በሉ። እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው ሁሉ እነሱም የሚጠራሩት በዝምድና ስም ነው። ድምፅ ከፍ አድርጎ መጥራት እዚያ ነውር አይደለም፤ ዝም ብሎ በዓይን የሚጠብቅ ሰው ገና አልወሰነም ተብሎ ይተዋል።

5. ትንሽ ነገር አዝዛችሁ ቦታውን ፈትኑ

የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ ደረሰኙ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ወይም ምናሌው ጀርባ ይጻፋል። ፎቅ ያላቸው ካፌዎች ለየፎቁ የተለያየ የዋይፋይ ስም ስለሚኖራቸው ከተቀመጣችሁበት ፎቅ ጋር ተያያዙ። የታችኛውን ይዞ ወደ ላይ የወጣ ስልክ ምልክቱ ሙሉ መስሎ ሥራው ግን ይንቀራፈፋል።

ቪዲዮ ስብሰባ ካላችሁ የመላኪያውን ፍጥነት ለዩ እንጂ የማውረጃውን ብቻ አትመልከቱ፤ ምስላችሁና ድምፃችሁ የሚሄደው በመላኪያው ነው። ቀጥሎ ሶኬቱ እንደሚሠራ ቻርጀሩን ሰክታችሁ አረጋግጡ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጀርባችሁ ወደ ግድግዳ፣ ፊታችሁ ወደ በሩ ሆኖ ተቀመጡ፤ ማያችሁን ከኋላ የሚያይ አይኖርም፣ ቦርሳችሁም በዓይናችሁ ሥር ይሆናል። ማቀዝቀዣው በቀጥታ የሚነፍስበትን ወንበር ተዉት።

የሲጋራ ጭስ የሚያስቸግራችሁ ማቀዝቀዣ ያለውን ክፍል ጠይቁ፦ በሳይጎን «ማይ ላን»፣ በሃኖይ «ዲየው ሁዋ»። በረንዳውና የፊት ለፊቱ ቦታ የአጫሾች ነው።

6. ቡናውን እዘዙ

ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት፤ የምታመርተው ግን በአብዛኛው ሮቡስታ ነው። እኛ የለመድነው አረቢካ ነው። ሮቡስታ በካፌይን መጠኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ጣዕሙም መራርና ከባድ ነው። ለአገራችን ቡና ጠጪ ይህ ቁም ነገር ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመደ ሰው በዚያው ልማድ ሦስት ብርጭቆ የቬትናም ጥቁር ቡና ቢደግም ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱንም ዓይኑ አይከደንም። በቀን ሁለት ይበቃል፤ ሁለተኛውም ከ14:00 በፊት ይሁን።

ምናሌው ላይ የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው።

- ካፌ ዴን ዳ፦ ጥቁር ቡና በበረዶ። ስኳር አስቀድመው ሊጨምሩበት ስለሚችሉ የማትፈልጉ «ኾንግ ድዎንግ» በሉ። ትኩሱ «ዴን ኖንግ» ይባላል።
- ካፌ ሱዓ ዳ፦ ቡና ከወፍራም ጣፋጭ የጣሳ ወተት ጋር በበረዶ። ሃኖይ ውስጥ «ናው ዳ» ብላችሁ እዘዙ፣ ያው ነው። ጣፋጩ የሚበዛባችሁ «ኢት ሱዓ»፣ ማለትም ወተቱ ይነስ፣ በሉ።
- ባክ ሲው፦ ወተቱ የበዛ፣ ቡናው ያነሰ። ካፌይን ለሚፈራና ከሰዓት በኋላ ለሚጠጣ ይህን እመክራለሁ። የሳይጎን ነው።
- ካፌ ቹንግ፦ በእንቁላል አስኳልና በጣሳ ወተት የተመታ ወፍራም አረፋ ከቡና በላይ። የሃኖይ ነው፤ በዚያ ከታወቁት አንዱ ንዊየን ሂው ሁዋን ጎዳና ላይ ያለው ዛንግ ካፌ ነው። ትኩሱ ሙቅ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል፤ ውኃው አረፋው እንዳይቀዘቅዝ ነው፣ አይጠጣም። መጀመሪያ አረፋውን በማንኪያ ቅመሱ፣ ከዚያ ከሥሩ ካለው ቡና ጋር አደባልቁት።
- ካፌ ሙኦይ፦ ጨው ያለው የወተት አረፋ የተደረበበት። መነሻው ሁዌ ከተማ ነው። ጨው በቡና በገጠሩ አገራችን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም።
- ካፌ ኮት ዙዓ፦ ከኮኮናት ክሬምና ከተፈጨ በረዶ ጋር። ለሙቀት ቀን ነው።

አረቢካ ካማራችሁ በዳ ላት ወይም በሶን ላ የበቀለ ቡና የሚያፈሉ የተመረጠ ቡና ካፌዎችን ፈልጉ። አንዳንዶቹ የኢትዮጵያ ቡናም ያቀርባሉ፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

7. ፊኑን ታግሳችሁ ጠብቁ

የሰፈር ካፌ ውስጥ ቡናው ብዙ ጊዜ ተፈልቶ አይመጣም፤ ጠረጴዛችሁ ላይ ይፈላል። ብርጭቆው አናት ላይ ትንሽ የብረት ማጥለያ ተቀምጧል፤ ስሙ ፊን ነው። ሥሩ ነጭ የጣሳ ወተት ተንጣሎ፣ ጥቁሩ ጠብታ በጠብታ ይወርድበታል። ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

በዚህ ጊዜ ክዳኑን አንስታችሁ አታማስሉ፣ ውስጡ ያለውንም ማተሚያ በማንኪያ አትጫኑ። ውኃው ቀስ ብሎ በዱቄቱ ውስጥ ሲያልፍ ነው ወፍራም ጣዕሙን የሚያወጣው፤ ከተጫናችሁት ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ይዘጋል ወይም አተላው ወደ ብርጭቆው ይወርዳል። ከሰባት ደቂቃ በላይ ቆሞ ጠብታው ከተቋረጠ ፊኑን ጎኑን በጣት መታ መታ አድርጉት።

ጠብታው ሲያልቅ ክዳኑን አውጡና ገልብጣችሁ ጠረጴዛው ላይ አድርጉት፤ ፊኑን እላዩ አስቀምጡ። ክዳኑ የተሠራው ለዚህም ጭምር ነው፦ የቀረው ጠብታ እዚያ ይጠራቀማል፣ ወረቀታችሁንና ኮምፒውተራችሁን አያበላሽም። ከዚያ ወተቱን ከሥር ወደ ላይ እየገፋችሁ እስኪዋሃድ አማስሉ። በረዶው ለብቻው በብርጭቆ ከመጣ ቡናውን ከተማሰለ በኋላ ገልብጡበት። በረዶ ከገባ በኋላ የጣሳ ወተት ይጠጥራል፣ ከሥር ተጣብቆ ይቀራል፤ መጀመሪያው መራራ፣ መጨረሻው ሽሮፕ ይሆንባችኋል።

ሳይጎን ውስጥ ከቡናው ጋር ወይም ቡናው ሲያልቅ ቻ ዳ የሚባል ቀላል ሻይ በበረዶ ያመጡላችኋል። ብዙ ጊዜ በነጻ ነው፣ ሲያልቅም ይሞላላችኋል። ጠንካራው ቡና አፍን ስለሚያደርቅ በመሐል በመሐል ጠጡት። ሃኖይ ውስጥ ግን ሊያስከፍል ይችላል።

8. ምግቡን እዘዙ

አብዛኛው ካፌ ኬክና የታሸገ ነገር እንጂ ሙሉ ምግብ የለውም። ሦስት መንገድ አላችሁ።

አንደኛው፣ ምሳ የሚያቀርብ ካፌ መምረጥ ነው። በቢሮ ሰፈሮች ያሉ ብዙ ካፌዎች ከ11:00 ጀምሮ «ከም ቫን ፎንግ» የሚባል የሠራተኛ ምሳ አላቸው፦ ሩዝ፣ አንድ ወጥ ነገር፣ አትክልት፣ ሾርባ። ሁለተኛው፣ በትንሽ የሰፈር ካፌ ከደጅ ካለችው ሻጭ ባን ሚ፣ ማለትም የቬትናም ሳንድዊች፣ ገዝቶ መግባት ነው። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፣ ግን አስቀድማችሁ አሳይታችሁ ጠይቁ። ሰንሰለት ካፌ ውስጥ የውጪ ምግብ አይገባም። ሦስተኛው፣ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ወጥቶ መብላት ነው፤ ፈ (የሩዝ ኑድል በሾርባ) ወይም ቡን (ቀጭን የሩዝ ኑድል) ለመብላት ይህ ይሻላል። ፈ ቤት ተበልቶ የሚወጣበት ቦታ ነው፣ ኮምፒውተር አይከፈትበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ፣ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡት። ባን ሚ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ጉበት ፓቴና የአሳማ ሥጋ ቁራጭ አለ። የሳይጎኑ ከም ታም የአሳማ ጥብስ ነው፤ የሃኖዩ ቡን ቻም እንዲሁ። እንቁላል ብቻ መስሏችሁ የምታዝዙት ባን ሚ ኦፕ ላም ከፓቴ ወይም ከቋሊማ ጋር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የአሳማ ሥጋ እንደማትበሉ በጽሑፍ አሳዩ፦ በደቡብ «ኾንግ ቲት ሄኦ»፣ በሰሜን «ኾንግ ቲት ለን»። የበሬ ሥጋ «ቦ»፣ ዶሮ «ጋ»፣ ዓሣ «ካ» ነው። የሐላል እርድ ለምትፈልጉ የአሳማ ሥጋ አለመኖሩ ብቻውን አይበቃም። በሳይጎን ዶንግ ዙ ጎዳና ያለው መስጊድ አካባቢ የሐላል ምግብ ቤቶች አሉ፤ በሃኖይ ሃንግ ልዎክ ጎዳና ላይ ያለውን የአል ኑር መስጊድ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ጾም ከሆነ ደግሞ ቬትናም ከምታስቡት በላይ ታመቻለች። ቡድሂስቶች የሚበሉት «ቻይ» የሚባል ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ በየሰፈሩ አለ፤ በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ደግሞ ብዙ ሰው ስለሚበላው በየቦታው ይገኛል። ቤቱ በር ላይ «ቻይ» የሚለው ቃል ተጽፎ ታዩታላችሁ። ሆኖም አንዳንድ የቻይ ምግብ እንቁላልና ወተት አለበት፤ «ቱዋን ቻይ» ካላችሁ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የሌለበት ማለት ነው። ቻይ ባልሆነ ቤት አትክልት ብቻ ብታዝዙ ግን የዓሣ ስጎ ወይም የአሳማ ስብ ሊገባበት ይችላል። ቅጠላ ቅጠል ስላያችሁ ብቻ የጾም ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ቡናውም ጾም ላይሆን ይችላል። የጣሳ ወተት ያለባቸው ግልጽ ናቸው፤ የኮኮናቱ ቡናም ብዙ ጊዜ የጣሳ ወተት አለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ጥቁሩ ራሱ ነው፦ በባህላዊው አቆላል ቡናው ሲቆላ ቅቤ ይጨመርበታል፤ ያ የሚያብረቀርቅ ፍሬና የካራሜል ሽታ ከዚያ ይመጣል። ምንም ሳይጨመርበት የተቆላው «ራንግ ሞክ» ይባላል፤ ሃኖይ ውስጥ «ዛንግ ሞክ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ጿሚዎች ይህን ጠይቁ።

9. በአግባቡ ቆዩ

አንድ ቡና ይዞ ሁለት ሦስት ሰዓት መቀመጥ የተለመደ ነው፤ ማንም አያስነሳችሁም። ከዚያ በላይ የምትቆዩ ከሆነ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ሌላ ነገር እዘዙ፤ የቡና መጠናችሁ ስለሞላ የፍራፍሬ ጭማቂ ወይም ሻይ ይሁን። የመቀመጫው፣ የማቀዝቀዣውና የኤሌክትሪኩ ወጪ በምታዝዙት ውስጥ ነው ያለው። ካፌው ሲሞላ ለአራት ሰው የተዘጋጀውን ጠረጴዛ ለቅቃችሁ ወደ ትንሹ ተሻገሩ።

ለስልክ ስብሰባ ወደ በረንዳው ወይም ወደ ደረጃው ውጡ። የጠረጴዛ ድምፅ ማጉያ አትክፈቱ፤ የጎረቤት ወጣቶች ፈተና የሚያጠኑ ሊሆኑ ይችላሉ።

10. ሂሳብ

«ቲን ቲየን» በሉ። ምናሌው ላይ «35ኬ» ቢጻፍ 35 ሺህ ዶንግ ማለት ነው። የአገሬው ሰው ስልኩን ወደ ካፌው የክፍያ ኮድ (QR) አስጠግቶ ይከፍላል፤ ያ በአብዛኛው የአገር ውስጥ የባንክ ሒሳብ ስለሚጠይቅ እናንተ ጥሬ ገንዘብ፣ ትላልቆቹ ካፌዎች ውስጥ ደግሞ ካርድ ተጠቀሙ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ማስጠንቀቂያዎች

- የ20 ሺህና የ500 ሺህ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። አንዱ የሌላው 25 እጥፍ ነው። ሁለቱን በተለያየ ኪስ ያዙ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ዜሮዎቹን ቁጠሩ።
- ሳይጎን ውስጥ ከመንገዱ ዳር ስልክ ይዛችሁ አትቀመጡ። በሞተር ብስክሌት የሚያልፉ ነጣቂዎች አሉ።
- ካፌ ቹንግ ውስጥ ያለው አስኳል በደንብ አልበሰለም። ነፍሰ ጡሮችና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ይተዉት።
- የቧንቧ ውኃ አይጠጣም። ካፌ ውስጥ መሐሉ ቀዳዳ የሆነው ክብ በረዶ ከፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ ከትልቅ ግግር እየተፈለጠ የሚቀርበውን ተዉት።
- በካፌ ዋይፋይ የባንክ ሥራ አትሥሩ፤ ለዚያ የስልካችሁን ዳታ ክፈቱ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- ባዶ ሆድ ላይ ካፌ ዴን ዳ መጠጣት። ሮቡስታው ጨጓራን ያቃጥላል፤ መጀመሪያ ዳቦ ወይም ሩዝ ቅመሱ።
- ቻ ዳ ሲመጣ «ተነሡ» የተባሉ መስሎ ዕቃ መሰብሰብ። ሻይው መስተንግዶ ነው፣ ሥራችሁን ቀጥሉ።
- ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን እርጥብ ፎጣ፣ ለውዝ ወይም የሱፍ ፍሬ ነጻ መስሎ መክፈት። ከተከፈተ ሂሳብ ውስጥ ይገባል፤ ካልፈለጋችሁት ሳትነኩት ተዉት።
- ሃኖይ ውስጥ «ባክ ሲው»፣ ሳይጎን ውስጥ «ናው ዳ» ብሎ አዝዞ ያልጠበቁትን ማግኘት። ስም ከከተማ ከተማ ስለሚለይ የሚፈለገውን መጠጥ ፎቶ አሳዩ።
- ለአስፈላጊ ስብሰባ ያልታየ ካፌ መምረጥ። ከአንድ ቀን በፊት በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ ድምፁን፣ ዋይፋዩንና ሶኬቱን እዩ፤ ጠዋት ጸጥ ያለው ካፌ 20:00 ላይ የጊታር ዝግጅት ሊኖረው ይችላል።